የቡና ዋጋ የሚቆረጠው የት ነው?

የቡና ዋጋ የሚቆረጠው የት እንደሆነ የጠየቃችሁት ሰው ሁሉ እንደ ሙያው ይመልስላችኋል። ላኪው ኒውዮርክ ነው ይላችኋል። የባንክ ሰው የውጭ ምንዛሪ ምጣኔውን ያነሳል። እንደ እኔ ሕግ የተማረው ደግሞ ውሉን፣ የዓለም አቀፍ ስምምነቱን፣ የንግድ ምልክቱን ይጠቅሳል። ከአንዲት ትንሽ የካሪቢያን ደሴት ተነስተው በ1979 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ፕሮፌሰር ሰር አርተር ሉዊስ የሰጡት መልስ ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። እንደ እርሳቸው ከሆነ፣ የቡና ዋጋ ከሁሉ በፊት የሚቆረጠው ከቡናው አጠገብ ባለው የበቆሎ፣ የእንሰትና የጤፍ ማሳ ላይ ነው።

ነገሩ ሲሰሙት እንቆቅልሽ ይመስላል። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት የእኚህን ሰው ሕይወት ነው፤ እግረ መንገዴንም እንቆቅልሹን ለመፍታት እሞክራለሁ። ቡና ለአሠርት ዓመታት የወጪ ንግዷ ጌታ ሆኖ ለኖረባት አገር ዜጎች፣ ይህ የሩቅ ሰው ታሪክ የሩቅ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመምህራኑ ልጅ

አርተር ሉዊስ የተወለዱት ጃንዋሪ 23 ቀን 1915 በሴንት ሉሺያ ዋና ከተማ በካስትሪስ ነው። ሴንት ሉሺያ በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። ወላጆቻቸው ከአንቲጓ ደሴት ፈልሰው የመጡ መምህራን ሲሆኑ፣ ከአምስት ወንዶች ልጆች አርተር አራተኛው ነበሩ። ሰባት ዓመት ሲሆናቸው ታመው ከትምህርት ቤት ቀሩ። አባት፣ ልጄ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ እንዳይቀር ብለው በየዕለቱ ቤት ውስጥ ያስተምሯቸው ጀመር። በሦስት ወር ያስተማሯቸው ትምህርት ቤቱ በሁለት ዓመት ከሚሰጠው የማያንስ ሆኖ ተገኘና ልጁ ሲመለሱ ከአራተኛ ወደ ስድስተኛ ክፍል ዘለሉ።

ብዙም ሳይቆይ አባት ሞቱ። እናት ሱቅ ከፍተው አምስቱንም ወንዶች ልጆች ለቁም ነገር አበቁ። ሉዊስ በኋላ እንደጻፉት፣ በልጅነታቸው እኩዮቻቸው ወንድ ከሴት ይበልጣል ሲሉ በሰሙ ቁጥር ጤና ያላቸው አይመስሏቸውም ነበር። የእናታቸውን ብርታት ያየ ልጅ ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል?

በ14 ዓመታቸው የደሴቲቱን ትምህርት ጨረሱ። ለነፃ የትምህርት ዕድል ፈተና ዕድሜያቸው ገና ስለነበር በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነው ተቀጠሩ። መጻፍ፣ መተየብ፣ ፋይል ማደራጀትና ሥርዓት ይዞ መሥራት የተማሩት እዚያ ነው። ጽሑፎቻቸውን ያነበበ ሰው የዚያ የቢሮ ሥልጠና አሻራ አይጠፋውም፤ ዓረፍተ ነገሮቻቸው አጫጭርና በቦታ በቦታቸው የተሰደሩ ናቸው።

በ1932 ፈተናውን አለፉ። ጥያቄው ምን ይማሩ የሚለው ሆነ። እኔን የሕግ ምሩቁን ይህ የሕይወታቸው ምዕራፍ ያስቆመኛል። የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር በቀለም ይለይ ስለነበር፣ የተማረ ጥቁር ወጣት ያለመንግሥት ቅጥር ራሱን ችሎ ሊያድርባቸው የሚችሉት ሙያዎች በዋናነት ሕግና ሕክምና ነበሩ። ሉዊስ ሁለቱንም አልፈለጉም። የፈለጉት ምሕንድስና ነበር። ነገር ግን የጥቁር መሐንዲስን መንግሥትም ሆነ የነጭ ኩባንያ አይቀጥርም። ስለዚህ የንግድ ሥራ ትምህርት መረጡና በ1933፣ በ18 ዓመታቸው፣ ወደ ለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት አመሩ። ኢኮኖሚክስ ምን እንደሆነ እንኳ በቅጡ አያውቁም ነበር። የዓለምን ንግድ ምስጢር ከፈቱት ሰዎች አንዱ ወደ ሙያው የገቡት ሌላው በር ስለተዘጋባቸው ነው።

ለንደን

በ1937 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ። በ1938 በዚያው ትምህርት ቤት ረዳት መምህር ሆነው ሲቀጠሩ በተቋሙ ያስተማሩ የመጀመሪያው ጥቁር ሆኑ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ለቦርዱ በጻፉት ደብዳቤ፣ መራጭ ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ቢስማማም የቆዳ ቀለማቸው ወቀሳ ሊያስነሳ እንደሚችል ማሳሰባቸው የዘመኑን መንፈስ ያሳያል። በ1940 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ።

ሉዊስ በመጻሕፍት ብቻ የተቀበሩ ምሁር አልነበሩም። በካሪቢያን ደሴቶች በ1930ዎቹ የተነሳውን የሠራተኞች አመፅ የሚተነትን ጽሑፍ በ1939 አሳተሙ። በጦርነቱ ወቅት የእንግሊዝ የቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ያቋቋመው የኢኮኖሚ አማካሪ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆነው ሠሩ፤ በ1944 ግን ከሚኒስቴሩ ሹማምንት ጋር ስላልተስማሙ ለቀቁ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ተመሳሳይ ነገር በሌላ አገር እናያለን።

ወደ ዓለም ኢኮኖሚ ጥናት የገቡት ደግሞ በአጋጣሚ ነው። የትምህርት ክፍሉ ተጠባባቂ ኃላፊ የነበሩት ታዋቂው ፍሬድሪክ ሃየክ፣ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በዓለም ኢኮኖሚ ላይ ምን እንደደረሰ እንዲያስተምሩ ጠየቋቸው። ሉዊስ እንደማያውቁት ቢናገሩ፣ ሃየክ አንድን ነገር ለማወቅ ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ማስተማር መሆኑን ነግረው አሰናበቷቸው። ከዚያ ትምህርት የወጣው መጽሐፍ በ1949 ታተመ።

ከዚያ በፊት በ1948 ማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ፕሮፌሰርነት ሰጥቷቸው ነበር። 33 ዓመታቸው ነበር። በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ ይህን ማዕረግ ያገኙ የመጀመሪያው ጥቁር እንደሆኑ ይጠቀሳል። የግሬናዳ ተወላጇን ግላዲስ ጄኮብስን ያገቡትም አንድ ዓመት ቀደም ብለው ነው።

ብረትና ቡና

ሉዊስ ከተማሪነታቸው ጀምሮ የሚከነክናቸው አንድ ጥያቄ ነበር። የብረትንና የቡናን ዋጋ እርስ በርስ የሚወስነው ምንድን ነው? አንድ ቶን ቡና ይህን ያህል ብረት ብቻ የሚገዛው ለምንድን ነው? መምህሮቻቸው ያቀረቡላቸው መልስ አላረካቸውም። በዘመኑ የነገሠው የዓለም አቀፍ ንግድ ንድፈ ሐሳብ ተገበያዮቹ አገሮች አንዱ የሚያመርተውን ሌላውም በዚያው ዘዴ ሊያመርተው እንደሚችል አድርጎ ይነሳል። ብረት የሚያቀልጡት አገሮች ግን አብዛኞቹ ቡና ሊያበቅሉ አይችሉም። ታዲያ ንድፈ ሐሳቡ ምን ይፈይዳል?

ሁለተኛ የሚያስጨንቃቸው ጥያቄ የታሪክ ነበር። በእንግሊዝ የኢንዱስትሪ አብዮት የመጀመሪያ 50 ዓመታት የባለፋብሪካው ትርፍ ሲያድግ የሠራተኛው እውነተኛ ደመወዝ ባለበት የቆመ መሰለ። ለምን?

መልሱ የመጣላቸው በኦገስት 1952 በታይላንድ ዋና ከተማ በባንኮክ መንገድ ላይ ሲራመዱ ነው። የሁለቱም ጥያቄ ቁልፍ አንድ መሆኑ ታያቸው። ኢኮኖሚስቶች የሠራተኛው ቁጥር ውስን ነው ብለው ይነሳሉ። በድሃ አገሮች ግን ከእጅ ወደ አፍ በሆነ ኑሮ ውስጥ ያለ፣ ከዚያ ኑሮ ትንሽ የሚሻል ክፍያ ካገኘ ወደ ፋብሪካም ወደ እርሻ ተክልም ለመሄድ የተዘጋጀ እጅግ ብዙ ሰው አለ። ስለዚህ ደመወዝን የሚወስነው ፋብሪካው የሚያተርፈው ሳይሆን ያ ሰው በገጠር ትቶት የሚመጣው ኑሮ ነው። ይህን ሐሳብ የያዘው ጽሑፋቸው በ1954 በማንችስተር በሚታተም መጽሔት ላይ ወጣ። በልማት ኢኮኖሚክስ ታሪክ ከእርሱ በላይ ያከራከረ ጽሑፍ ማግኘት ያስቸግራል።

አብዛኛው አንባቢ የያዘው የጽሑፉን የመጀመሪያ ክፍል ነው፤ ከገጠር ወደ ከተማ፣ ከእርሻ ወደ ኢንዱስትሪ የሚደረገውን የጉልበት ሽግግር። የዓለም ንግድን የሚመለከተው ግን የመጨረሻው ክፍል ነው። እስቲ በቀላል ምሳሌ ላስረዳ፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ ያህል ብቻ ናቸው።

አንድ የእኛ ገበሬ በአንድ ቀን ጉልበት 10 ኪሎ እህል ወይም 10 ኪሎ ቡና ያመርታል እንበል። አንድ የአውሮፓ ሠራተኛ ደግሞ በአንድ ቀን 30 ኪሎ እህል ወይም 30 ኪሎ ብረት ያመርታል። በሁለቱም ዘንድ ያለው የጋራ ነገር እህል ነው። በእኛ ዘንድ አንድ ኪሎ ቡና በአንድ ኪሎ እህል፣ በእነርሱ ዘንድ አንድ ኪሎ ብረት በአንድ ኪሎ እህል ይመነዘራል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ቡና አንድ ኪሎ ብረት ይገዛል። የእኛ ሰው የአንድ ቀን ድካም 10 ኪሎ ብረት፣ የእነርሱ ሰው የአንድ ቀን ድካም 30 ኪሎ ብረት ማለት ነው።

አሁን መንግሥት በቡና ላይ ዘመቻ ከፈተ እንበል። የምርምር ጣቢያው የተሻለ ችግኝ አወጣ፤ ገበሬው በቀን 30 ኪሎ ቡና ማምረት ቻለ። ተገላገልን? ሉዊስ የለም ይላሉ። እህል ላይ ያለው ገበሬ አሁንም በቀን 10 ኪሎ ብቻ ስለሚያገኝ፣ ቡና ከእህል ትንሽ እስከበለጠ ድረስ ሁሉም ወደ ቡና ይጎርፋል። የቡና ዋጋ እስኪወድቅ፣ ሦስት ኪሎ ቡና በአንድ ኪሎ እህል እስኪመነዘር ድረስ ጉርፉ አይቆምም። በመጨረሻ ገበሬው በቀን 30 ኪሎ ቡና ለቅሞ የሚያገኘው ያንኑ 10 ኪሎ ብረት ነው። የድካሙን ፍሬ የበላው ቡናውን የሚጠጣው የባሕር ማዶ ሰው ነው።

በተቃራኒው የእህሉ ምርት በቀን ወደ 30 ኪሎ ቢያድግ፣ ቡናው ግን ባለበት በ10 ቢቆይስ? ገበሬው አሥር ኪሎ ቡና ለማምረት የሚተወው እህል 30 ኪሎ ስለሆነ ከዚያ ባነሰ ቡና አያመርትም። አንድ ኪሎ ቡና ሦስት ኪሎ ብረት መግዛት ይጀምራል። በቡናው ላይ ምንም ሳይነካ የቡናው ዋጋ በሦስት እጥፍ አደገ! እንቆቅልሹ ይሄው ነው።

የሸንኮራ አገዳው ምስክርነት

ሉዊስ ይህን ያሉት ከወረቀት ቀመር ብቻ ተነስተው አይደለም። ያደጉት በሸንኮራ አገዳ ደሴቶች መካከል ነው። የአገዳ ስኳር ምርታማነት በዘመናዊ ሳይንስ እጅግ ካደጉት የሐሩር ክልል ምርቶች አንዱ ነበር። የአገዳ ቆራጩ ግን በባዶ እግሩ መሄዱንና በደሳሳ ጎጆ መኖሩን አልተወም። በአንፃሩ የስንዴ ገበሬው ኑሮ በዓለም ካሉት ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ሆነ። ስኳር ከስንዴ ያነሰ ለሰው ልጅ የሚጠቅም ስለሆነ ነው? አይደለም። የአገዳ ቆራጩ ሌላ አማራጭ ምን ነበረው የሚለው ነው ጥያቄው።

በ1969 በወጣው የሐሩር ክልል ንግድ ጥናታቸውና በ1978 ባሳተሟቸው ሁለት መጻሕፍት ይህንኑ በታሪክ አስደግፈው አሳዩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽና በ20ኛው መጀመሪያ መካከል 50 ሚሊዮን ያህል አውሮፓውያን ወደ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያና አርጀንቲናን ወደመሰሉ አገሮች ፈለሱ። በዚያው ዘመን 50 ሚሊዮን ያህል ሕንዶችና ቻይናውያን ደግሞ በአብዛኛው በኮንትራት ሠራተኝነት ወደ ሐሩር ክልል እርሻዎችና ማዕድን ማውጫዎች ሄዱ። የመጀመሪያዎቹን ከአገራቸው ለማስወጣት ከአውሮፓ እርሻ የሚበልጥ ደመወዝ መክፈል ግድ ነበር። ሁለተኛዎቹ ግን በቀን በአንድ ሽልንግ ይገኙ ነበር። የልዩነቱ ሥር እርሻ ላይ ነው። በ1900 ገደማ የእንግሊዝ ገበሬ ከአንድ ኤከር መሬት 1,600 ፓውንድ ስንዴ ሲያፍስ፣ የሐሩር ክልሉ ገበሬ የሚያገኘው 700 ፓውንድ ያህል እህል ነበር። ሱፍና ስንዴ የሚልኩ አገሮች ሀብታም፣ ሻይና ጎማ የሚልኩ አገሮች ድሃ የሆኑት በዕቃው ዓይነት ሳይሆን፣ ዕቃውን ያመረተው ሰው ከየትኛው ኑሮ ተነስቶ እንደመጣ በሚወስነው ልዩነት ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ የራሳችንን ሰው ሊያስታውስ ይችላል። ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ በ1919 ካረፉ በኋላ በ1924 በታተመው መጽሐፋቸው፣ ዕውቀት ያለው ሕዝብና ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ሲገበያዩ ሁለተኛው ብዙ ድካሙን በጥቂት ድካም እንደሚለውጥ አስረድተዋል። ሁለቱ ሰዎች አይተዋወቁም። የተነሱበት ቁጭት ግን አንድ ነው።

ጋና

ምሁር ሐሳቡን በወረቀት ላይ ሲያስቀምጥ አንድ ነገር ነው፤ በባለሥልጣን ፊት ሲያቀርበው ሌላ። ጎልድ ኮስት ገና ነፃ ሳትወጣ ስለ ኢንዱስትሪ ልማቷ እንዲያጠኑ ሉዊስ ተጠየቁ። በ1953 የወጣው ሪፖርት ብዙዎችን አስደነቀ። ስለ ኢንዱስትሪ የተጠየቁት ሰው ቅድሚያ መስጠት ያለባችሁ ለአገር ውስጥ የምግብ ምርት ነው ብለው መለሱ። የኮኮዋ ገቢ ያላት አገር ያምና በቆሎ አምራቹን ከዘነጋች ለፋብሪካው ገበያም ሠራተኛም አታገኝም ነው ነገሩ።

ጎልድ ኮስት በ1957 ጋና ተብላ ነፃ ስትወጣ ሉዊስ በተባበሩት መንግሥታት በኩል የጠቅላይ ሚኒስትር ክዋሜ ንክሩማ የኢኮኖሚ አማካሪ ሆነው አክራ ገቡ። ሁለቱም ቅኝ አገዛዝን የጠሉ፣ ሁለቱም የጥቁር ሕዝብን ክብር የሚሹ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን አልተግባቡም። ንክሩማ የነፃነትን ክብር የሚያሳዩ ታላላቅ ፕሮጀክቶችን በልማት ዕቅዱ ላይ ይጨምራሉ፤ ሉዊስ ወጪውን እየደመሩ ይቀንሳሉ። ንክሩማ የፖለቲካ ሰው ለወደፊቱ ሲል መድፈር አለበት ባይ ናቸው፤ ሉዊስ ደግሞ የኮኮዋ ገበሬው ገንዘብ መደፈሪያ መሆን የለበትም ባይ። በ1958 መጨረሻ፣ የተነጋገሩበት ጊዜ ሳይሞላ፣ ሉዊስ ለቀው ሄዱ። በጋዜጣ አልጮሁም፤ አሠሪያቸውንም በአደባባይ አላዋረዱም።

ለፍርድ መቸኮል አልፈልግም። ንክሩማ ያሠሩት የአኮሶምቦ ግድብ ዛሬም ለጋና ኤሌክትሪክ ያመነጫል። መሪ አንዳንዴ የሒሳብ ሰው የማያየውን ማየቱ አይካድም። ሆኖም የጋና የውጭ ምንዛሪ ክምችት ማለቁ፣ የኮኮዋ ገበሬው መጎዳቱና ንክሩማ በፌብሩዋሪ 1966 በመፈንቅለ መንግሥት መውረዳቸውም የታሪክ ሐቅ ነው። አማካሪውን አለመስማት ነፃ አይደለም፤ ሒሳቡ ዘግይቶ ይመጣል።

ሉዊስ ከጋና ይዘውት የወጡት ቁም ነገር በ1965 በምዕራብ አፍሪካ ፖለቲካ ላይ በወጣች ትንሽ መጽሐፋቸው ይገኛል። ለሕግ ሰው ከኢኮኖሚ ድርሳኖቻቸው ሁሉ ይህቺ ትበልጣለች ብል አላጋነንኩም። በዚያን ጊዜ ብዙ የአፍሪካ መሪዎችና ብዙ የአውሮፓ ምሁራን የአንድ ፓርቲ ሥርዓት ለአፍሪካ ይስማማታል ይሉ ነበር። ሉዊስ ግን በብዙ ብሔረሰቦች በተገነቡ አገሮች አሸናፊ ሁሉን የሚወስድበት ሥርዓት አገር ያፈርሳል፤ የሚበጀው ጥምር መንግሥት፣ ተመጣጣኝ ውክልናና ፌዴራሊዝም ነው ብለው ተከራከሩ። ይህን ሲሉ ብቸኛ ነበሩ ማለት ይቻላል።

ከክፍል እስከ ባንክ

ከጋና በኋላ በ1959 ወደ ካሪቢያን ተመልሰው የዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን መሩ፤ በ1962 ኮሌጁ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን የመጀመሪያው ምክትል ቻንስለር ሆኑ። በዚሁ ጊዜ የእንግሊዝ ካሪቢያን ደሴቶች የመሠረቱት ፌዴሬሽን መፍረስ ጀመረ። በ1961 ጃማይካ በሕዝበ ውሳኔ ወጣች፤ ፌዴሬሽኑ በሜይ 1962 ፈረሰ። ሉዊስ የቀሩትን ትንንሽ ደሴቶች ቢያንስ አንድ ላይ ለማቆየት ከመሪ ወደ መሪ ተመላለሱ፤ አልተሳካላቸውም።

በ1963 የሰርነት ማዕረግ ተቀብለው ወደ አሜሪካው ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሄዱና እስከ 1983 እዚያው አስተማሩ። መሐል ላይ በ1970 የካሪቢያን ልማት ባንክ ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እንዲሆኑ ተጠሩና ወደ ባርባዶስ ተሻገሩ። በፖለቲካ ያልተዋሐዱትን ደሴቶች በብድርና በፕሮጀክት ለማስተሳሰር ሦስት ዓመት ሠርተው ባንኩን በእግሩ አቁመው ወደ ክፍላቸው ተመለሱ።

በ1979 የኖቤል ሽልማቱ መጣ። ከሰላም ሽልማት ውጭ ኖቤል የተቀበሉ የመጀመሪያው ጥቁር ሆኑ። የሚገርመው ሽልማቱን የተጋሩት ከአሜሪካዊው ቴዎዶር ሹልትዝ ጋር መሆኑ ነው። ሹልትዝ በገጠር ትርፍ ጉልበት አለ የሚለውን ሐሳብ ከተቹት ዋነኛው ነበሩ። በ1918 እና 1919 የኅዳር በሽታ ሕንድ ውስጥ ብዙ ሰው ሲጨርስ የሚዘራው መሬት መቀነሱን አሳይተው፣ ያለ ሥራ የተቀመጠ ጉልበት ቢኖር ኖሮ መሬቱ አይቀንስም ነበር ሲሉ ሞግተዋል። ሸላሚዎቹ ሁለቱን ተከራካሪዎች ባንድ መድረክ አቆሟቸው። ሁለቱ የሚስማሙበት አንድ ነገር ነበር፤ ድሃን ገበሬ የዘነጋ ልማት ልማት አይደለም።

ሉዊስ በሽልማቱ ንግግራቸው ከመቶ ዓመት አኃዝ ተነስተው አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጡ። የዓለም የጥሬ ዕቃ ንግድ ያደገው የበለጸጉት አገሮች የኢንዱስትሪ ምርት ባደገበት ፍጥነት 0.87 እጅ ነው። እነርሱ ሲፋጠኑ እኛ እንፋጠናለን፤ እነርሱ ሲያዘግሙ እኛም እናዘግማለን። ያ ሞተር እየቀዘቀዘ ስለሆነ ታዳጊ አገሮች እርስ በርስ መገበያየትን ይልመዱ ነበር ምክራቸው።

ለእኛስ?

ሕግ ስማር የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ማለት በዋናነት የታሪፍ፣ የኮታና የክርክር አፈታት ድንጋጌዎች ማለት ነበር። የእነዚህን ጥቅም አላቃልልም። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የ1962ቱ ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት ኮታው እስከፈረሰበት እስከ 1989 ድረስ ዋጋን በተወሰነ ደረጃ ደግፎ ይዟል። በ2005 አገራችን ሲዳሞን፣ ሐረርንና ይርጋጨፌን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ማመልከቷ፣ በ2007ም ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ መድረሷ ሕግ የድሃ አገር መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ያሳየ ነው። የሉዊስ ቀመርም ጉድለት አለበት። ቡና ሁሉ አንድ ዓይነት እንደሆነ አድርጎ ይነሳል፤ ይርጋጨፌ ግን የትም አይበቅልም። የጥቂት ገዥ ኩባንያዎችን ጉልበትም አያሳይም። አርጀንቲናዊው ራውል ፕሬቢሽና ሃንስ ሲንገር በ1950 ያነሱት የገበያ ኃይል ጥያቄ ዛሬም መልስ ይሻል።

ነገር ግን ሉዊስ የሚነግሩን ከሕጉ በታች ያለውን መሬት ነው። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውል በነፃ ፈቃድ ላይ እንዲቆም ይጠይቃል። እንዲያውም በአንቀጽ 1710 የአንዱን ወገን ችግር መጠቀሚያ በማድረግ የተገኘ ፈቃድ፣ ፍትሕ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ውሉን ሊያፈርስ እንደሚችል ያስቀምጣል። ለዓለም ገበያ ግን እንዲህ ያለ ዳኛ የለም። የጓዳው ጎተራ ባዶ የሆነበት ገበሬ የቡና ዋጋ ሲነገረው እሺ ከማለት ሌላ ምን አለው? እምቢ ለማለት የሚያስችለው ሌላ የሚያድርበት ነገር ሲኖር ነው።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የቡና ዋጋ ሲወድቅ የሐረርጌ ገበሬ ቡናውን እየነቀለ ጫት ተከለ። ድርጊቱን ብንወደውም ባንወደውም፣ ገበሬው በተግባር ያሳየው የሉዊስን ትምህርት ነው። አማራጭ ስለነበረው ከዚያ በታች አልሸጥም አለ። ቁም ነገሩ ያ አማራጭ ጫት ሳይሆን ምርታማ የሆነ የምግብ እርሻ እንዲሆን ማድረጉ ላይ ነው። የበቆሎና የስንዴ ምርጥ ዘር፣ የማሳ ውኃ፣ የገጠር መንገድ፣ የገበሬው የመሬት ዋስትና፣ እነዚህ ሁሉ ከወጪ ንግድ ሚኒስቴር ደጃፍ የራቁ ይመስላሉ። በሉዊስ ዓይን ግን የወጪ ንግድ ፖሊሲ ማለት እነዚህ ናቸው። ስለ ምግብ ዋስትና በአንድ አዳራሽ፣ ስለ ውጭ ምንዛሪ በሌላ አዳራሽ ስብሰባ የምንጠራ ሰዎች ሁለቱ አጀንዳዎች አንድ መሆናቸውን ብናይ ምናለበት?

ሰር አርተር ሉዊስ በጁን 15 ቀን 1991 በባርባዶስ አረፉ። የተቀበሩት በትውልድ ደሴታቸው፣ በስማቸው በተሰየመው ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ነው። ምስላቸው በምሥራቅ ካሪቢያን የ100 ዶላር ኖት ላይ ታትሞ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሯል። አንድ አገር ለአስተማሪዋ ልጅ ልታደርግ የምትችለው ክብር ይህ ነው። እኛ ደግሞ ክብራችንን በሌላ መንገድ ልንገልጽላቸው እንችላለን፤ ቡናችን በዓለም ገበያ ረከሰ ብለን በተማረርን ቁጥር፣ ዓይናችንን ከኒውዮርክ አንስተን ከቡናው ጥላ አጠገብ ወዳለችው የእህል ማሳ በማየት።

ቸር እንሰንብት።